ቤተ መንግሥቱ የእኛ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላምታዬ ካላችሁበት ይድረሳችሁ። የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። በእምነቴ ወንጌላዊት ነኝ፤ ሰፈሩ እንደሚጠራን ጴንጤ።

በአንባቢያን ዓምዳችሁ ስለ ወንጌላውያን ተጽዕኖ የወጡትን ሁለት ደብዳቤዎች አንብቤያለሁ። አንዱ ጸሐፊ «አገሩን ጴንጤ ያዘው» ይላል። ሌላው የእምነት ወንድሜ ነው፤ «እግዚአብሔር ጊዜያችንን አመጣው፣ ምን ይደረግ» ብሎ መልሶለታል። የተጣሉ ይመስላሉ እንጂ በአንድ ነገር ተስማምተዋል። ቤተ መንግሥቱ የጴንጤ ነው ይላሉ። እኔ ደግሞ አይደለም እላለሁ። ይህን ቀድመን ማወቅ ያለብንም እኛው አማኞቹ ነን።

ቁጥሩን ላስቀድም። በ1987ቱ ቆጠራ ፕሮቴስታንት ነኝ ያለው ከመቶ አስር ገደማ ነበር። በ1999 ደግሞ 18.6 በመቶ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ አገሩ አልተቆጠረም። እድገቱ እውነት ነው፣ አይካድም። ነገር ግን ያደገው ደቡብና ምዕራብ ነው። በአማራ ክልል በዚያው ቆጠራ ከሺህ ሰው ሁለቱ ብቻ ነን። ደሴ ላይ ሙስሊሙ 58.62 በመቶ፣ ኦርቶዶክሱ 39.92፣ እኛ 1.15 ነበርን። እንግዲህ ደሴን ያዙ ከተባለ የያዟት እነዚህ ናቸው።

ይህን እንድጽፍ የገፋፋኝ አንድ ቀብር ነው።

አምና ክረምት ላይ አብራን የምታመልክ አንዲት እናት ሞተች። እንጀራ እየሸጠች አንድ ልጇን ያስተማረች ሴት ናት። የሰፈራችን ቅሬ፣ ሌላው አገር ዕድር የሚለው፣ አባል ነበረች፤ መዋጮ አሳልፋ አታውቅም። ቅሬያችን እንደ ደሴ ወግ እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ ያለበት ነው። ማለዳ ጥሩንባው ተነፋ። ሰው ነቅሎ መጣ። ድንኳኑ ተተከለ፣ አግዳሚው ተደረደረ፣ ንፍሮው ተጣደ። እስከዚህ ድረስ የጎደለ ነገር አልነበረም። ቀብሩ የት ይሁን ሲባል ነው ነገር የመጣው።

ሙስሊም ሲሞት መቃብሩ ይታወቃል። ኦርቶዶክስ ሲሞት ደብሩ ይታወቃል። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ያላት የመቃብር ቦታ ግን ትንሽ ናት፣ እሷም ሞልታለች። ሽማግሌዎቻችን ለቅሬው ዳኞች ችግሩን ነገሩ። ቅሬው ከጎናችን ቆሞ ተጨማሪ ቦታ እንዲጠየቅልን ለመኑ። ከተቀመጡት አንዱ፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ ልጆቹን ሁሉ እኔ ነኝ የከተብኩለት፣ ከአግዳሚው ሳይነሳ፣

«ምን አስጨነቃችሁ? የእናንተ ሰው ቤተ መንግሥት ተቀምጧል። ለምን እሱን አትጠይቁም?» አለ።

አንዳንዱ ሳቀ። የሟቿ ልጅ የድንኳኑን ምሰሶ ይዞ ቆሞ ነበር። ሰምቷል። እናቱ የቤት ኪራይ ከአቅሟ በላይ ሆኖ ከሸዋ በር ወደ ከተማው ዳር የወጣች ሴት ናት። የመጨረሻዎቹን ወራት መድኃኒት የገዛንላት እኛ አዋጥተን ነው። ከየትኛው ቤተ መንግሥት ነው እሷ ድርሻ የነበራት?

ዝም ብዬ ልቀር አልቻልኩም፣ ልናገር ስነሳ ግን አንድ ሐጂ ቀደሙኝ። በዕድሜ ከሁላችንም ይበልጣሉ። «እኛ የመጣነው ሬሳ ልንቀብር ነው፤ የፖለቲካውን ወሬ ለቡና አቆዩት» አሉ። ቀጥለው ወደ እኔ ዞረው፣ «ሲስተር፣ ሰዎችሽን ጥሪና ቦታውን አብረን እንየው» አሉኝ። በጭቃው ውስጥ እየተደገፉ ሄዱ። ከድሮው ቦታችን ጥግ፣ ከአጥሩ ሥር፣ አንድ ሰው የሚያስተኛ መሬት ተገኘ። የቆፈሩት የቅሬው ልጆች ናቸው። ከመካከላቸው ጴንጤ የሆነ ብዙ አልነበረም።

መዝሙር ስንጀምር ደግሞ ሌላ ቅሬታ መጣ። አንዲት ጎረቤት «ሰው ሞቶ ይዘፍናሉ» ብላ አጉረመረመች። እዚህ ላይ የጎረቤቴ ነገር ይገባኛል። ወሎ ሙሾ የሚያወርድ፣ ደረት የሚደቃ አገር ነው። ጎረቤት ተሰብስቦ ካላለቀሰ የተቀበረ አይመስለውም። እኛ የትንሣኤ ተስፋ አለን ብለን ገና ሬሳው ከቤት ሳይወጣ ኪቦርድ እንከፍታለን። ሰው እንዲያለቅስ ጊዜ እንስጠው። መዝሙሩ የትም አይሄድም። ኢየሱስም በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል። የባህል ተጽዕኖ ሲባል እኔ መጀመሪያ የሚመጣብኝ እንዲህ ያለው ነው፤ ለቅሶው፣ ሠርጉ፣ ሞንታርቦው። እነዚህን በመነጋገር መፍታት ይቻላል። የቤተ መንግሥቱ ግን ይከብዳል።

የዚያ ሰው ንግግር ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ይህች ከተማ በ2014 ጥቅምት ማብቂያ ላይ በሕወሓት ኃይሎች ተይዛ ከአንድ ወር በላይ ቆይታለች። ያንን ገና ሳንረሳ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ክልሉ ሌላ ጦርነት ውስጥ ገባ። ልጅ የሞተበት አለ፣ ሥራ የቆመበት አለ፣ መንገድ የተዘጋበት አለ። ሰው መንግሥት ላይ ተቆጥቷል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ደግሞ የሙሉ ወንጌል አማኝ መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል። ቁጣው አራት ኪሎ አይደርስም፣ ቅርቡ ያለሁት እኔ ነኝ።

ለመጀመሪያው ደብዳቤ ጸሐፊም፣ ለመለሰለት የእምነት ወንድሜም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ምዕራብ ወለጋን ተመልከቱ። መካነ ኢየሱስ ሥር የሰደደችበት አገር ነው፤ ፕሮቴስታንቱ ይበዛል። ጴንጤ በሚመራው መንግሥት ዘመን ያ አገር ዓመታት በጦርነት ታመሰ። በ2012 ለወራት ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦበት ነበር። እዚያ ያሉት የእምነት ወንድሞቼና እህቶቼ «የእኛ ሰው ነገሠ» ብለው የሚበሉት ነገር የላቸውም። ሃይማኖቱ ከጥይት ካላዳናቸው መንግሥቱ የጴንጤ ነው የምትሉት በምን ሚዛን ነው? ዶክተር ዐቢይ በሥራቸው ይመዘኑ። የሚነቀፈው ይነቀፍ፣ የሚመሰገነው ይመስገን። አባታቸው ሙስሊም፣ እናታቸው ኦርቶዶክስ ናቸው። ሲያጠፉ ሙስሊሙንና ኦርቶዶክሱን ተጠያቂ የሚያደርግ የለም።

ከእሳቸው በፊትም ከ2005 እስከ 2010 አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ነበሩ። እሳቸው የሐዋርያዊት ቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው። በሥላሴ ትምህርት ከአብዛኞቻችን ጋር አይስማሙም፤ ውጭ ያለ ሰው ግን ሁላችንንም አንድ ላይ ነው የሚቆጥረን። ያኔ በሰፈራችን አንድም ሰው አገሩን ጴንጤ ያዘው ሲል አልሰማሁም።

በ2012 ፓርላማው ለወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት መስጠቱን እንደ ልዩ ሞገስ የሚቆጥሩ አሉ። ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህ መብት ነበራት። በ2012 ለእኛ ሲሰጥ ለእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትም አብሮ ተሰጥቷል። ይህን ዜጋ ሁሉ እኩል ሆነ ብዬ ነው የማየው፤ የምጸጸትበት ነገር የለኝም።

እንግዲህ እኔ የማውቀውን የጴንጤ ተጽዕኖ ልንገራችሁ።

አባቴ አጥባቂ ኦርቶዶክስ ነበር። ጾም አይሽርም። ማታ ማታ ግን ዜና የሚሰማው ከብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ነበር። ጣቢያውን በ1955 አዲስ አበባ ላይ የከፈተው የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ነው። ዜና አለው፣ የጤና ትምህርት አለው፣ የልጆች ፕሮግራም አለው። ነርስ ልሁን የሚለው ሐሳብ የመጣልኝ ከዚያ የጤና ትምህርት ነው። አባቴ በሬዲዮው ምክንያት ጴንጤ አልሆነም፣ ማንም ሁን አላለውም። ደርግ በ1969 ጣቢያውን ወረሰው።

ከደሴ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ስትሉ ቦሩ ሜዳን ታገኛላችሁ። በ1870 አፄ ዮሐንስና ንጉሥ ምኒልክ ጉባኤ ያደረጉበት ሜዳ ነው። የካህናቱ ክርክር በተዘጋበት በዚያ ጉባኤ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት ናቸው። እንደ ሼህ ጦልሃ ያሉት አምጸው ተዋጉ። ብዙ ሰው ቀን ክርስቲያን፣ ማታ እስላም ሆኖ ኖረ። ያ ሁሉ የንጉሥ ኃይል ነበር። ዛሬ ደሴ ላይ የሚበዛው ሙስሊሙ መሆኑን ቅድም ጽፌላችኋለሁ።

በዚያው በቦሩ ሜዳ በ1940ዎቹ የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች የሥጋ ደዌ ሕሙማን ማከሚያ ጀመሩ። ዛሬ ትልቅ የመንግሥት ሆስፒታል ነው። በ1936 ጃንሆይ ባወጡት ደንብ መሠረት እንዲህ ባለ የኦርቶዶክስ በተባለ አካባቢ ሚሲዮን ማከምና ማስተማር እንጂ ሰው ከእምነቱ ማስወጣት አይፈቀድለትም ነበር። ስለዚህ አከሙ።

እኔ በወጣትነቴ እዚያ ለሥራ ስሄድ ሚሲዮኖቹ የሉም። የቀሩት አሮጌዎቹ ሕሙማንና የተከሉት ሥራ ናቸው። የሥጋ ደዌ በሽተኛ እግሩ የሚቆስለው ሕመም ስለማይሰማው ነው። እሾህ ይወጋዋል፣ አያውቅም። እሳት ይፈጀዋል፣ አያውቅም። ስለዚህ በየቀኑ እግሩን ማየት ያስፈልጋል። ለብ ያለ ውሃ በሳፋ እናቀርባለን፣ እግሩን እንዘፈዝፋለን፣ የጠጠረውን ቆዳ በቀስታ እንፍቃለን፣ ከዚያ ቫዝሊን። ጫማቸው ከሥር የመኪና ጎማ፣ ከላይ ለስላሳ ስፖንጅ ነው። ጣት የሌለው እግር ስለሆነ እያንዳንዱ በልኩ ይሠራል። አንዲት እናት ነበሩ፣ ሙስሊም ናቸው፣ ሙስሊም ሆነውም ነው የሞቱት። ቤተሰባቸው ጎጆ ለብቻ ሠርቶ አግልሏቸው የኖሩ ናቸው። «እኒያ ሰዎች እግሬን በእጃቸው ነው የያዙት» ይሉኝ ነበር። ደጋግመው ይሉኛል። ስለ እነሱ ስብከት አንድም ቀን አላነሱልኝም።

ከዚያ በላይ ተጽዕኖ አላውቅም። ነርስነት የተማርኩት እዚያ ነው ብዬ ነው የማስበው፤ ምስክር ወረቀቱን የሰጠኝ አዲስ አበባ ቢሆንም።

አዲስ አበባ ስማር ዘመኑ የደርግ ነበር። ሙሉ ወንጌል ተዘግታለች። መሠረተ ክርስቶስም በ1974 ተዘጋች። ጴንጤ ማለት የሲ.አይ.ኤ. ቅጥረኛ ነበር። በየቤቱ አራት አምስት ሆነን ተሰብስበን በሹክሹክታ እንዘምራለን። ጎረቤት እንዳይሰማ ሬዲዮ ከፍ እናደርጋለን። ስንወጣ አንድ በአንድ ነው የምንወጣው። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ሐምሌ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ተያዙ፣ ተገደሉም። አጽማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ቤተ ክርስቲያናቸው የመንግሥት አፍ እንድትሆን አልፈቀዱም ነበር። እንደዚያ ባለ ዘመን ነው እኛ የበዛነው። መሠረተ ክርስቶስ ስትዘጋ አምስት ሺህ ገደማ አባል ነበራት፤ በ1983 ስትከፈት ከሠላሳ ሺህ በላይ ሆነው ወጡ። ወላይታም ቀድሞ እንደዚሁ ነው። ጣሊያን ሚሲዮኖቹን ሲያባርር የተጠመቀው ሃምሳ አይሞላም ነበር፤ ሲመለሱ አስር ሺህ ያህል አማኝ ጠበቃቸው። ቤተ መንግሥት አልረዳንም። ባለሥልጣን አልነበረንም አልልም፤ አቶ አማኑኤል አብርሃም የጃንሆይ ሚኒስትር ነበሩ፣ በዚያው ጊዜም የመካነ ኢየሱስ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ሥልጣናቸውን መድረክ ላይ ይዘው ወጥተው እልል በሉልኝ አላሉም።

አሁን ወደ እምነት ወንድሜ ልምጣ፤ ምክንያቱም የኔ ትልቁ ጭንቀት ያለው እዚህ ነው።

ኮምቦልቻ ላይ በተደረገ አንድ ኮንፈረንስ ተገኝቼ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰባኪ መድረኩን ያዘ። ሁላችንንም አስነሳን። «ዘመኑ የእኛ ነው በሉ!» አለ። አዳራሹ ተናወጠ። «ለጎንህ ንገረው!» አለ። ሰው ሁሉ ወደ ጎኑ እየዞረ ዘመኑ የእኛ ነው ተባባለ። እኔ ተቀመጥኩ። አጠገቤ አንዲት ልጅ ነበረች፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ናት። በጦርነቱ ጊዜ ሥራዋ ተቋርጦ ቆይታ ገና መመለሷ ነው። ቀጥሎ «ዘር ዝሩ» መጣ። የዘራ መኪና ያገኛል፣ የዘራ ቤት ይሠራል ተባለ። ልጅቷ ከቦርሳዋ አጣጥፋ የያዘችውን ብር አወጣች። የወር ኪራይዋ መሆኑን በኋላ ነገረችኝ። እጇን ያዝኩት። «የኔ ልጅ፣ ኪራይሽን ክፈይ፤ እግዚአብሔር ከአንቺ ጋር ኪራይ አይሻማም» አልኳት። ተቆጣችኝ። ብሩን ሰጠች።

ልብ በሉ፣ ዘመኑ የእኛ ነው ያለው አፍና ዘር ዝሩ ያለው አፍ አንድ ነው። ሥልጣንን የእግዚአብሔር ሞገስ ምልክት ያደረገ ሰው ገንዘብንም ያደርገዋል። ድሃዋን ልጅ ደግሞ እምነት አነሰሽ ይላታል። በውጭ ያለው ጎረቤታችን ደግሞ በሞንታርቦው ይሰማናል። ኦርቶዶክሱ ይሰማል፣ ሙስሊሙ ይሰማል። ከዚያ ቅሬ ላይ ቤተ መንግሥታችሁን ጠይቁ ቢሉን ምን ይፈረድባቸዋል? እኛው አይደለን በድምፅ ማጉያ የነገርናቸው?

የጦርነቱ ጊዜ ነቢያት ነገርም አለ። በቴሌቪዥን ወጥተው «ጌታ አሳየኝ» ብለው ስለ ጦርነቱም ስለ ሹመቱም የተናገሩ ነበሩ። ሲፈጸም መድረክ ላይ ይደገማል፣ ሳይፈጸም ሲቀር ዝም ይባላል። ዘዳግም 18 ግልጽ ነው፤ ያልተፈጸመውን ቃል እግዚአብሔር አልተናገረውም። የተነበየው ሳይፈጸም ሲቀር ያው ሰው እዚያው መድረክ ላይ ቆሞ ይህን ይበል። አንደኛ ነገሥት 22ንም ወንድሞቼ እንደገና አንብቡት። አራት መቶ ነቢያት ለንጉሥ አክዓብ «ውጣ፣ ድል ታደርጋለህ» አሉት። ሚክያስ ብቻውን አይሆንም አለ፣ በጥፊም ተመታ፣ ታሰረም። አክዓብ ወጣ፣ በዚያው ሞተ። በአዳራሻችን ስለ ዳንኤልና ስለ ዮሴፍ ሹመት በየወሩ ይሰበካል። ስለ ሚክያስ የተሰበከ ከሰማሁ ቆየሁ።

ሌላ አገር የደረሰውንም ማየት ጥሩ ነው። የዛምቢያው ፕሬዚዳንት ፍሬድሪክ ቺሉባ ወንጌላዊ አማኝ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1991 መጨረሻ፣ በተመረጡ በሁለት ወር ገደማ፣ ዛምቢያ የክርስቲያን አገር ናት ብለው አወጁ። አብያተ ክርስቲያናቱ ፈነጠዙ። እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ የለንደን ፍርድ ቤት እሳቸውና ግብረ አበሮቻቸው የመንግሥትን 46 ሚሊዮን ዶላር ወስደዋል ብሎ ፈረደ። የአገራቸው ፍርድ ቤት ከሁለት ዓመት በኋላ ነጻ ቢላቸውም ስሙ ግን ወንጌሉ ላይ ቀረ። የጓቲማላው ጄኔራል ሪዮስ ሞንት ይብሳል። ወንጌላዊ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1982 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ይዘው እሁድ እሁድ በቴሌቪዥን ይሰብኩ ነበር። በዚያው ጊዜ ሠራዊታቸው የማያ ተወላጆችን መንደር ያቃጥል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 በዘር ማጥፋት ተፈረደባቸው፤ ፍርዱ በቀናት ውስጥ በሥነ ሥርዓት ጉድለት ቢሻርም የሞቱት አልተመለሱም። በአሜሪካ ያሉ ወንጌላውያን እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ከአንድ ፓርቲ ጋር ተጣብቀው ዛሬ ብዙ ልጆቻቸው ቤተ ክርስቲያን አልሄድም የሚሉት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ስለ እነሱ ብዙ ማለት አልፈልግም። የዛምቢያና የጓቲማላው ይበቃኛል።

ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጣልቃ አይግባ ይላል። ይህን አንቀጽ ከማንም በላይ መጠበቅ ያለብን እኛ ነን። ትናንት ቤተ መንግሥት የሌላ ሃይማኖት በነበረ ጊዜ መሬት ተነፍገን፣ ቀብር ተከልክለን፣ አዳራሽ ተዘግቶብን ያየን ሰዎች ነን። ነገ ደግሞ ቤተ መንግሥቱ የማን እንደሚሆን አናውቅም።

ስለዚህ መጋቢዎቻችንን የምለምነው ነገር ቀላል ነው። ባለሥልጣን አማኝ ከሆነ ይምጣ፣ እንደ ማንኛችንም ወንበር ላይ ተቀምጦ ቃሉን ይስማ። ማይክ አይሰጠው። ምርጫ ሲደርስ ማንም ከመድረክ ስለ ፓርቲ አይናገር። ጸሎት ለመሪዎች ታዟል፣ እንጸልያለን፤ ጸሎቱ ግን ሰላም እንዲያወርዱና ፍትሕ እንዲሰጡ ይሁን፣ ዙፋናቸው እንዲጸና ብቻ አይሁን። የታሰረ ሲኖር፣ የተገደለ ሲኖር፣ የኛ ይሁን የሌላው ሳንል እንናገር። ዘር ዝሩ የሚለውን ሰባኪ ጋብዘን ኪራይ የሌላትን ልጅ አናስዘርፍ።

ለኦርቶዶክስና ለሙስሊም ወገኖቼም ልመና አለኝ። የሰንበት ተማሪዎቻችሁ በእኛ ዜማ ሲዘምሩ የሚሰማችሁ ቅሬታ ይገባኛል፤ ያሬዳዊውን ዜማ መጠበቅ መብታችሁ ነው፣ እኔም ብትጠብቁት ደስ ይለኛል፣ ያደግኩበት ነው። ሞንታርቦአችን ሲበዛ ንገሩን። እናንተም ጋ ሲበዛ እንነግራችኋለን። መንግሥትን የምትወቅሱበትን ነገር ግን መንግሥት ላይ በሉት። በቀበሌ ወረፋ፣ በዶልፊን ውስጥ፣ በቡና ላይ «የእናንተ ሰው» እያላችሁ እኔን አትጠይቁኝ። እኔም እንደ እናንተ ነው በቴሌቪዥን የማየው።

የመቃብሩ ጉዳይ አሁንም አላለቀም። ከእኛ ወገን አንዳንዱ አዲስ አበባ የሚያውቁት ሰው በስልክ እንዲያስፈጽም አስቧል። እኔ ተቃውሜያለሁ። በስልክ የመጣ መሬት ላይ የምንወዳቸውን ብንቀብር ጎረቤታችን ያለው ሁሉ እውነት ይሆናል። ማመልከቻው በቅሬው ስም ይጻፍ፣ ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም ይፈርምበት፣ ለከተማው አስተዳደር በመዝገብ ቤት በኩል ይግባ፣ እንደ ማንኛውም ሰው ወረፋችንን እንጠብቅ ብያለሁ። ሐጂ እፈርማለሁ ብለዋል። «ቤተ መንግሥታችሁን ጠይቁ» ያለውን ሰውም ቤቱ ሄጄ ጠይቄዋለሁ። ገና አልመለሰልኝም።

አንዲት ጡረተኛ ነርስ
ከደሴ